ሌሊት እግር ዕረፍት ሲያጣ፤ የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች ሊያውቁት የሚገባ



የቤቱ ሥራ አልቆ፣ ልጆች ተኝተው፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ጎንዎን ለማሳረፍ ጋደም ሲሉ እግርዎ አላስተኛ ብሎዎት ያውቃልን? ባትዎ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ወይም አጥንትዎን ከውስጥ የሚበላዎ ይመስላል። እግርዎን ሲያንቀሳቅሱት ይተውዎታል፤ ዝም ሲሉ ግን ይመለሳል። ተነሥተው በወለሉ ላይ ሲመላለሱ ይሻልዎታል፤ አልጋው ላይ ሲወጡ እንደገና ይጀምርዎታል። እንዲህ ያለው ሌሊት ሲደጋገም ባለቤት «ምን ሆነሽ ነው የምትወራጪው?» ይላል፤ ጎረቤትም «ብርድ ገብቶብሽ ነው» ትላለች። እናትየዋም ነገሩን ለብርድ ሰጥታ ካልሲ ደራርባ ትተኛለች። እግሩ ግን ካልሲ አይገባውም።

ይህ ስሜት በሕክምና ዘንድ የታወቀ፣ ስምም ያለው ሕመም ነው። በአማርኛ «ዕረፍት የለሽ እግር» ብንለው ጠባዩን ይገልጸዋል። ዛሬ ስለዚሁ ሕመም በጠቅላላው ጥቂት ከተናገርን በኋላ በተለይ የምናተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ለድባቴ፣ ማለትም ለከባድ የመንፈስ ጭንቀት፣ የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ይህን የእግር ሕመም ሊቀሰቅሱ ወይም ቀድሞ የነበረውን ሊያባብሱ መቻላቸው ነው።

ጉዳዩን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት እናት የድባቴ መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ሌሊት ሌሊት እግሯ ሲያስቸግራት «ሕመሜ ባሰብኝ» ወይም «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብላ፣ ሐኪሟን ሳታማክር ኪኒኑን ልትጥለው ትችላለች። ሌላዋ ደግሞ ጥርሷን ነክሳ ችላ፣ ወር ሙሉ ሳትተኛ ታድራለች። ሁለቱም መንገዶች ጉዳት አላቸው። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ማወቅ ግን ከሁለቱም ያድናል።

ሕመሙ በምን ይታወቃል?

ለዚህ ሕመም በደም ምርመራ ወይም በራጅ «ይኸው» ተብሎ የሚታይ ምልክት የለውም። ሐኪሙ የሚያውቀው ሕመምተኛዋ የምትነግረውን በማዳመጥ ነው። ስለዚህ ምልክቶቹን እርስዎ ራስዎ ለይተው ማወቅዎ ትልቅ ጥቅም አለው።

አንደኛ፤ እግርን የማንቀሳቀስ ብርቱ ፍላጎት አለ። አብዛኛውን ጊዜም አብሮ የመብላት፣ የመንዘር፣ የመጎተት ወይም የመርመስመስ ስሜት ይኖራል። ሁለተኛ፤ ስሜቱ የሚጀምረው ወይም የሚብሰው ሲቀመጡና ሲተኙ ነው። ሦስተኛ፤ ሲንቀሳቀሱ፣ ሲራመዱ ወይም እግርን ሲዘረጉ፣ ቢያንስ እንቅስቃሴው እስካለ ድረስ፣ ይቀልላል። አራተኛ፤ ከቀኑ ይልቅ በማታና በሌሊት ይበረታል።

እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ሲገኙና ሌላ ምክንያት ሲጠፋላቸው ሐኪሙ ዕረፍት የለሽ እግር ነው ሊል ይችላል። ባት በድንገት ተኮማትሮ ድንጋይ ሲሆንና ሲያስጮኽ ግን ያ የጡንቻ መሸማቀቅ ነው። መርገጫው ቀን ከሌት ቢደነዝዝ ወይም ቢያቃጥል ደግሞ የስኳር በሽታና የነርቭ ጉዳት መኖር አለመኖሩ መመርመር አለበት። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ እናቶች እግራቸው ሲያብጥና ደም ሥራቸው ሲገተር የሚሰማቸውም ሕመም ሌላ ነው፤ እርሱ እግርን ከፍ አድርጎ በማሳረፍ ይቀልላል። ዕረፍት የለሽ እግር ግን ስሙ እንደሚያመለክተው ዕረፍትን የሚጠላ ነው።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። ቶማስ ዊሊስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1672 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አልጋ ላይ ሲወጡ እጅና እግራቸው እየተወራጨ እንቅልፍ የሚነሳቸውን ሕመምተኞች ገልጿል። ሕመሙን በሚገባ አጥንቶ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያወጣለት ግን የስዊድኑ ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦም ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1945 ነበር። ኖርድላንደር የተባለ ሌላ የስዊድን ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ሕመምተኞቹን በደም ሥር በሚሰጥ ብረት አክሞ ውጤቱን ጽፏል። ይህ የብረት ነገር ለእናቶች ታላቅ ቁም ነገር ስላለው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከየት ይመጣል?

ሕመሙ በዘር ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ እናትዎ ወይም እኅትዎ ሌሊት እግራቸውን ሲያሹ ያድሩ እንደ ነበር ቢጠይቁ አይከፋም። በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ እጥፍ ያህል ይታያል። በተለይ በእርግዝና ጊዜ ይበዛል፤ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ ሕመሙ እንደሚሰማት ያመለክታሉ። የሚበረታውም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከወለዱ በኋላ ይተዋቸዋል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት እንናገር። በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክት አመላላሽ ንጥረ ነገር አለ። ሥራው ብዙ ቢሆንም አንዱ የሰውነትን እንቅስቃሴ ማስተካከል ነው። አንጎል ዶፓሚንን ለመሥራት ብረት ያስፈልገዋል። በአንጎል ውስጥ ያለው ብረት ሲያንስ የዶፓሚን አሠራር ይታወካል፤ የዶፓሚን ሥራ ደግሞ በተፈጥሮው ወደ ማታ ስለሚቀንስ እግር ዕረፍት የሚያጣው በዚያን ሰዓት ነው። ተመራማሪዎች ስለ ሕመሙ የሚሰጡት ዋናው ማብራሪያ ይህ ነው።

የድባቴ መድኃኒት እዚህ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ድባቴን በመድኃኒት ማከም የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ሮላንድ ኩን የተባለው የስዊዘርላንድ ሐኪም ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድባቴን እንደሚያሽል እ.ኤ.አ. በ1957 አስታወቀ። ከዚያ በኋላ አሚትሪፕቲሊን፣ ቆይቶም ፍሉኦክሲቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራም፣ ቬንላፋክሲን፣ ሚርታዛፒንና ሌሎችም ተከታትለው መጡ። ከነዚህ መካከል አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሲቲን በአገራችን ሐኪሞች ዘንድ በሰፊው የሚታወቁ ናቸው።

ከእነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ሴሮቶኒን የተባለው ሌላው መልእክት አመላላሽ በአንጎል ውስጥ ያለው ኃይል እንዲጨምር በማድረግ ነው። ይህም የተጨነቀውን መንፈስ ቀስ በቀስ ያነሣል። ይሁን እንጂ ሴሮቶኒን ሲበረታ በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች የዶፓሚን ሥራ ሊደክም እንደሚችል ይታመናል። ዶፓሚን ሲደክም ደግሞ እግር ይነሣል። መንፈስን የሚያሳርፈው መድኃኒት እግርን የሚያሳጣው ዕረፍት በዚህ መንገድ ሊመጣ ይችላል።

ይህ የሚደርሰው በስንቱ ላይ ነው? በጀርመን አገር የድባቴ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወስዱ 271 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አለ። ከእነዚህ ውስጥ በ24ቱ፣ ማለትም ከመቶ ዘጠኝ በሚሆኑት፣ የእግር ዕረፍት ማጣት አዲስ ተነሣባቸው ወይም የነበረው ባሰባቸው። በአብዛኞቹም የጀመረው መድኃኒቱን በወሰዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር። መድኃኒቶቹ ሲነጻጸሩ ሚርታዛፒን ከሁሉ በልጦ ከመቶ 28 የሚሆኑትን አስቸገረ፤ ሌሎቹ አብዛኞቹ ግን ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን ብቻ ነበር። ከተጠኑት አንዱ፣ ሪቦክሲቲን የሚባለው፣ ማንንም አላስቸገረም።

ከዚህ አኃዝ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ ከአሥር ሰዎች ዘጠኙ ይህ ችግር አልደረሰባቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት ሊፈራ አይገባውም። ሁለተኛው፣ መድኃኒቶቹ ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ባይስማማ ሌላ አለ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። አሚትሪፕቲሊን የሚታዘዘው ለድባቴ ብቻ አይደለም። ለሚደጋገም ራስ ምታትና ለነርቭ ሕመምም በአነስተኛ መጠን ይሰጣል። በመሆኑም «እኔ የድባቴ መድኃኒት አልወስድም» የሚሉ እናት ሳያውቁት ይህንኑ እየወሰዱ ሊሆን ይችላል። የኪኒንዎን ስም ከመያዣው ላይ አንብበው ይያዙት፤ ማንበብ ቢቸግርዎ ልጅዎን ያስነብቡ።

ሁለቱ ስሕተቶች

አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ እናትን በአሳባችን እንውሰድ። ልጅ ከወለደች ወዲህ ልቅሶ ልቅሶ ይላታል፤ ምግብ አይጥማት፣ ልጇን ስታቅፍ እንኳ ደስታ አይሰማት። በብዙ ጉትጎታ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ድባቴ ነው ተብላ ኪኒን ተሰጣት። በአምስተኛው ቀን ማታ እግሯ መወራጨት ጀመረ። እንቅልፍ አጣች። በማግስቱ በስፌት መኪናዋ ላይ ዐይኗ ተከደነ።

የመጀመሪያው ስሕተት ኪኒኑን በዚያው ዕለት ማቆም ነው። የድባቴ መድኃኒት ጥቅሙ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲወሰድ ነው፤ የማይመች ጠባዩ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። ስለዚህ ሰውየው ጥቅሙን ሳያይ ጉዳቱን ብቻ አይቶ ይተወዋል። ለሳምንታት ወይም ለወራት የተወሰደን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያነጫንጫል፤ አንዳንዶች ኤሌክትሪክ እንደ ነካው ያለ ንዝረት በራሳቸው ውስጥ ይሰማቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ድባቴው ተመልሶ መምጣቱ ነው። ድባቴ የስንፍና ወይም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ሕይወት የሚያጠፋ ሕመም ነው። ለእግር ብሎ ነፍስን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

ሁለተኛው ስሕተት በራስ ፈቃድ ሌላ መድኃኒት መጨመር ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከመድኃኒት ቤት «እንቅልፍ የሚያመጣ» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጡት እንቅልፍ የሚያመጡ ኪኒኖች፣ ለምሳሌ ክሎርፌኒራሚን፣ ዲፌንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ዕረፍት የለሽ እግርን የሚያባብሱ ናቸው። ለማስታወክ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድም እንዲሁ ነው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉትም ዶፓሚንን ስለሚገቱ ይህንኑ ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ እናትየዋ ለመተኛት ብላ የወሰደችው ኪኒን ያለችውን ጥቂት እንቅልፍ ሊነሣት ይችላል። አረቄ ወይም ጠላ ጠጥቶ ለመተኛት መሞከርም ሌሊቱን ያከፋዋል እንጂ አያቀለውም።

ሦስተኛው መንገድ፤ መናገር

አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ለሐኪም ሲነግሩ ግን «እግሬን ያመኛል» ብቻ ማለት አይበቃም። ሐኪሙ ቁርጥማት መስሎት የሕመም ማስታገሻ ሊሰጥዎ ይችላል። ስለዚህ ከልጆችዎ ደብተር አንድ ወረቀት ወስደው ለአንድ ሳምንት የሚከተለውን ይጻፉ፤ ስሜቱ በስንት ሰዓት ጀመረ? ሲራመዱ ይቀልላልን? ስንት ሌሊት አስቸገረዎ? የድባቴውን መድኃኒት የጀመሩት ወይም መጠኑ የጨመረው መቼ ነው? የእግሩ ሕመም ከዚያ በፊት ነበረን ወይስ በኋላ መጣ? ሌላ ምን ዓይነት ኪኒን፣ ምን ዓይነት ባህላዊ መድኃኒት ይወስዳሉ? የወር አበባዎ ይበዛልን? ነፍሰ ጡር ነዎትን? ጡት ያጠባሉን?

መድኃኒቱን ገና ያልጀመሩም ቢሆኑ፣ ቀድሞ እግርዎ ማታ ማታ ያስቸግርዎ ከነበረ ኪኒኑ ሳይታዘዝልዎ በፊት ይንገሩ። ሐኪሙ ያንን ካወቀ ለእግርዎ የሚሻለውን መርጦ ሊጀምርልዎ ይችላል። ዕረፍት የለሽ እግር ራሱ እንቅልፍ በመንሣት ሰውን ለድባቴ የሚዳርግ በመሆኑም፣ የትኛው ከየትኛው እንደ ቀደመ ማወቅ ለሕክምናው ይረዳል።

ሐኪሙ ምን ሊያደርግ ይችላል? ችግሩ ቀላል ከሆነና ድባቴው እየተሻለ ከሆነ ጥቂት ቀናት በትዕግሥት እንዲጠባበቁ ሊመክርዎ ይችላል። የመድኃኒቱን መጠን ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ሊያስተካክል ይችላል። ካልሆነም ቀስ በቀስ አንዱን እየቀነሰ በሌላ ሊተካልዎ ይችላል። ለምሳሌ ቡፕሮፕዮን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት የሚሠራው በሴሮቶኒን ሳይሆን በዶፓሚንና በኖርአድሬናሊን በኩል ስለሆነ እግርን ብዙም አያስቸግርም። በአሜሪካ የእግሩ ሕመም ባለባቸው 60 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ሕመሙን እንዳላባባሰ ታይቷል። ይሁንና የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ምርጫው የሐኪሙ እንጂ የጎረቤት ወይም የመድኃኒት ቤት ሻጭ አይደለም። የሥነ ልቦና ምክርም ለድባቴ ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የድባቴው መድኃኒት የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ እርሱን ሳይነኩ እግሩን ለብቻው ማከም ይቻላል። ቀድሞ ለእግሩ ሕመም በመጀመሪያ የሚታዘዙት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል የተባሉት፣ ዶፓሚንን የሚተኩ መድኃኒቶች ነበሩ። እነዚህ በመጀመሪያ ቢያሽሉም በረጅም ጊዜ ሕመሙን ወደ ቀን እያመጡ እንደሚያባብሱት ስለ ታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ መመሪያ ዘወትር እንዳይታዘዙ መክሯል። በእነርሱ ፈንታ ጋባፔንቲንን፣ ፕሪጋባሊንንና፣ ብረት ላነሰው ሰው፣ ብረትን አስቀድሟል።

የብረት ነገር

ሴት ልጅ በወር አበባ፣ በእርግዝናና በወሊድ ብዙ ብረት ታጣለች። ስለዚህ የእግር ዕረፍት ማጣት ያለባት ሴት ሁሉ፣ የድባቴ መድኃኒት ብትወስድም ባትወስድም፣ የብረት ክምችቷ መመርመር አለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ደምሽ ደህና ነው» ተብለው ሊሆን ይችላል። ደም ማነስ አለመኖሩ ግን ብረት በቂ ነው ማለት አይደለም። ጎተራው ሳይራቆት ድስት እንደማይጎድል ሁሉ፣ ደም የሚያንሰው ክምችቱ ካለቀ በኋላ ነው። ክምችቱን የሚያሳየው ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ ነው። ለእግር ሕመም ሲሆን ውጤቱ 75 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ሌላው ሰው ጤነኛ የሚባልበት መጠን እንኳ ቢሆን፣ ብረት መስጠት እንደሚገባ ከላይ የጠቀስነው መመሪያ ይመክራል።

ሆኖም ሳይመረመሩ ብረት መዋጥ አይገባም፤ የበዛ ብረት ጉበትንና ሌላውን የሰውነት ክፍል ይጎዳል። ሐኪም ካዘዘልዎ ሆድ ሊያደርቅና ዐይነ ምድርን ሊያጠቁር ስለሚችል አይደንግጡ። ኪኒኑን ልጆች ከማይደርሱበት ከፍ ካለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ሕፃን ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል።

በጓዳችንም ብዙ ማድረግ እንችላለን። በሥጋና በጉበት ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራም ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከአትክልትና ከእህል የሚገኘው ብረት በቀላሉ አይወሰድም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ከምግብ ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን መጨመርም ብረቱ እንዲወሰድ ይረዳል። በአንጻሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከበሉ በኋላ ሲጠጡ ብረቱን ያስቀሩታል። ስለዚህ ከእንጀራው በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ። የብረት ኪኒንም በሻይ አይዋጥም።

ማታ የሚረዱ ነገሮች

ቡና የአገራችን ክብርና የጎረቤት መሰብሰቢያ በመሆኑ «ተዉት» አንልም። ነገር ግን ቡና እግራቸውን የሚያባብስባቸው ሰዎች አሉ፤ እንቅልፍም ይነሣል። የማታውን ቡና ወደ ረፋድ ወይም ወደ እኩለ ቀን አዛውረው ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት። ማታ ጎረቤት ቢጠራዎ «አቦሉን ይለፈኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ከመኝታ በፊት እግርን ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ባትን ከታች ወደ ላይ ማሸት፣ ግድግዳ ተደግፎ ባትን መወጠር ብዙዎችን ያሳርፋል። በየቀኑ መጠነኛ የእግር ጉዞ ማድረግም ይረዳል። በአንድ ሰዓት መተኛትና በአንድ ሰዓት መነሣት ይልመዱ። እንቅልፍ ማጣት ራሱ የእግሩን ሕመም ያብሰዋልና።

ሥራዎ ተቀምጦ የሚውል ከሆነ፣ ለምሳሌ በስፌት መኪና፣ በጽሕፈት ቤት ወይም በገንዘብ መቀበያ መስኮት፣ በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥተው ይራመዱ። ረጅም ስብሰባ፣ የአውቶቡስ ጉዞ፣ ማታ ተቀምጦ ጸጉር መሠራት ለዚህ ሕመምተኛ ከባድ ናቸው። ጸጉርዎን ጠዋት ይሠሩ፤ በአውቶቡስም በመተላለፊያው በኩል ያለውን መቀመጫ ይምረጡ። ለሥራ ኃላፊዎ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳትም መብትዎ ነው።

ለባለቤቶችና ለቤተሰብ

ይህን ዓምድ የሚያነቡ አባወራዎችም አይጠፉም። ባለቤትዎ ሌሊት ተነሥታ በጓዳ ስትመላለስ ቢያዩ አይቆጧት። «ጠባይ ነው»፣ «ኪኒኑ አሳበዳት» የሚለውን ንግግር ይተዉት። መድኃኒቱንም «ልማድ ይሆንብሻል፣ ተይው» ብለው አያስጥሏት። ይልቁንም የጀመረችበትን ቀን አስታውሱ፤ እግሯን አሹላት፤ ጠዋት ልጆቹን እርስዎ አዘጋጅተው እርሷ ግማሽ ሰዓት እንድትተኛ ያድርጉ፤ ወደ ሐኪምም አብረዋት ይሂዱ። አማቶችና እኅቶችም እንዲሁ።

በተለይ የሚከተሉት ምልክቶች ቀጠሮ የማይጠብቁ ናቸው። የድባቴ መድኃኒት ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ በኋላ ዕረፍት ማጣቱ በእግር ሳይወሰን መላ ሰውነትን ይዞ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ የሚከለክል፣ ከብርቱ የውስጥ ጭንቀት ጋር የሚመጣ ከሆነ፣ ያ ዕረፍት የለሽ እግር ሳይሆን ሌላ የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ በቶሎ ለሐኪም መነገር አለበት። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ንግግር ከተሰማ፣ ወይም እናትየዋ ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት ካሰበች፣ ለብቻዋ ሳትተው በዚያው ሰዓት ወደ ቅርቡ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርባታል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና የታወቀ ነው፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያችን፣ ነገሩን ስንጠቀልለው እንዲህ ነው። ድባቴም ይታከማል፤ እግርም ይታከማል፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መሠዋት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የኪኒኑን ስም፣ የተጀመረበትን ቀንና እግርዎ የሚያስቸግርበትን ሰዓት በአንዲት ወረቀት ይዞ ሐኪም ፊት መቀመጥ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ «እንዴት ነሽ?» ሲባሉ «ደህና ነኝ» ብለው አይለፉት። ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ይንገሩ።